ድሬ ላይ መንግሥት ለኪራይ ያግዛል?

የሳቢያኗ፦ አቦ እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ባሌ የቀን ሥራ ነው የሚሠራው፣ እኔ ሳምቡሳ እሸጣለሁ፣ ሳቢያን አንድ ክፍል ተከራይተን ነው ያለነው። አከራያችን ድንገት ጨምሩ ወይ ውጡ አለን። ገቢው ትንሽ ለሆነ ሰው መንግሥት ኪራይ ያግዛል ይባላል፣ እውነት ነው? የት ነው የሚጠየቀው?

ገንደ ቆሬ፦ እህቴ፣ ኪራይ ቆጥሮ የሚከፍልልሽ የለም። የቀበሌ ቤት አለ፣ ኪራዩ እዚህ ግባ አይባልም፣ ግን የያዘው መች ይለቃል! ሴፍቲኔት ሞክሪ፣ ገቢው ትንሽ ለሆነ የከተማ ቤተሰብ ብር የሚሰጥ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። ድሬ ፕሮግራሙ ሲጀመር ከገቡት 11 ከተሞች አንዷ ናት፣ ምልመላውም በቀበሌ ነው። ብሩን ለኪራይ አዋልሽው ለዘይት የራስሽ ጉዳይ ነው።

ከዚራ፦ ከሴፍቲኔቱ በፊት ውሉን አስቢ። አዋጅ 1320/2016 አለ፦ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም። አከራይ ደስ ባለው ቀን እየተነሳ መጨመር አይችልም።

የሳቢያኗ፦ ውላችን በአፍ ነው እኮ፣ ብሩንም በእጅ ነው የምሰጠው።

ከዚራ፦ እንግዲያው ከዚህ ወር ጀምሮ በባንክ ወይ በቴሌብር ላኪ፣ ማስረጃ ይሆንሻል። ከዚያ ቀበሌ ሄደሽ የኪራይ ውል የት እንደሚመዘገብ ጠይቂ።