ከጅዳ ወደ ደሴ ስፖርት መኪና ማስገባት፦ ሕጉ የሚይዘው የቱ ጋ ነው?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጅዳ ያለ ወንድሜ ፎርድ ማስታንግ ጂቲ ሊልክልኝ አስቧል። ሞዴሉ በፈረንጆቹ 2018 ነው፣ ባለ 5 ሊትር ቤንዚን። ስጦታ ስለሆነ ቀረጡ ይቀላል የሚሉ አሉ። ደሴ ላይ ሊብሬና ታርጋ እንዲወጣለት ምን ያስፈልጋል? ማስታንጉ ካልሆነ ኤምጂ ሳይበርስተር የሚባለውን ባለ ሁለት በር የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ይችላል።

ቦርከና
አብሽር፣ ገና ሳይጫን መጠየቅህ ጥሩ ነው። ማስታንጉን ተወው። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ቀረጥ እከፍላለሁ ብትል የሚቀበልህ የለም፤ የወደብ ኪራዩ ግን በየቀኑ ይቆጥራል።

እገዳው ባይኖር እንኳ ሒሳቡ አያዋጣም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ) አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል። የሚሰላው ደግሞ ቀረጡ ከተደመረበት ዋጋ ላይ ነው። ጅቡቲ ሲደርስ 20,000 ዶላር የቆመ መኪና ቀረጡ 30 በመቶ ቢሆን 26,000 ይሆናል፤ በ500 በመቶ ኤክሳይዙ ብቻ 130,000 ዶላር ነው። ቫቱ ከዚያ ላይ ይቀጥላል።

ስጦታ መሆኑም ዋጋውን ዜሮ አያደርገውም። ጉምሩክ የመኪናውን ዋጋ፣ ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን ደምሮ ይይዛል። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ከገበያው በጣም ካነሰ ደግሞ ራሱ ባለው የዋጋ መረጃ ይተካዋል።

የጦሳ ልጅ
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ፈታትቶ በመለዋወጫ ስም ማስገባትስ?

ዲክላራንት ዘኮምቦልቻ
በፍጹም እንዳትሞክረው። የጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፉ አተረጓጎም ደንብ ቁጥር 2(ሀ) የተፈታታ ዕቃ የሙሉውን መሠረታዊ ባሕርይ እስከያዘ ድረስ እንደ ሙሉ ዕቃ ይመደባል ይላል። ስለዚህ የተፈታ ማስታንግ ያው ማስታንግ ነው። በተለያየ ጊዜ ቢገባ እንኳ ባለ 17 ፊደልና አኃዙ የሻንሲ ቁጥር ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ላይ ስለማይኖር ሊብሬ አይወጣለትም። ያለ ዲክላራሲዮን የተገኘ መኪና ደግሞ ይወረሳል።

ሳይበርስተሩ መንገድ አለው። ገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 መጨረሻ ባወጣው ውሳኔ ተገጣጥሞ የሚመጣ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ ቀረጥ ተጣለበት፤ ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ ከሚጨመር ታክስ) ነጻ ሆነ። ልብ በል፣ ሥራ ላይ የሚውለው ተመንም የዶላር ምንዛሪም ዲክላራሲዮኑ በተመዘገበበት ቀን ያለው ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር የሚመጣው ቀረጥ በጣም ስለሚለያይ ወንድምህ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የወቅቱን ተመን ከጉምሩክ አረጋግጥ።

ሁለት ነገር አጥብቀህ ያዝ። አንደኛ፣ የመኪናው ዋጋ ከአገር ውስጥ ባንክ ካልወጣ ጉዳዩ ፍራንኮ ቫሉታ (ያለ ባንክ ምንዛሪ ዕቃ ማስገባት) ነውና ፈቃዱን ሳይጫን በጽሑፍ ጨርስ። ሁለተኛ፣ ከእንግሊዝ የመጣ በርካሽ ተገኘ ቢሉህ እምቢ በል፤ መሪው በቀኝ ነው፣ አይመዘገብም።

ሐይቅ ዳር
እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚያስተጓጉለው ስም ነው። ደረሰኙ፣ የጭነት ሰነዱና ፓስፖርቱ ላይ «መሐመድ» አንዱ ጋ በሁለት ኤም፣ ሌላው ጋ በአንድ፣ ሦስተኛው ጋ በዩ ይጻፋል። የጭነት ሰነዱን መርከቡ ሳይነሳ ማሳረም ቀላል ነው፤ ከደረሰ በኋላ ማስተካከያው እስኪመጣ መኪናው ወደብ ላይ ይቀመጣል። የአያት ስም እንኳ ሳይቀር ፊደል በፊደል ከፓስፖርትህ ጋር ይመሳሰል። ወንድምህ ውክልና የሚሰጥህ ከሆነም ጅዳ ካለው ቆንስላችን አረጋግጦ ይላክ፤ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና ውልና ማስረጃ ይመዘገባል።

ሌላው ባትሪው ነው። ትልቁን አይደለም፣ ትንሿን ባለ 12 ቮልት። ባሕር ላይ ሳምንታት ስትቆይ ትሞታለች፤ ያኔ በሩ አይከፈትም፣ ማርሹም ወደ ነጻ አይገባም፣ ከኮንቴይነር ገፍቶ ማውጣት አይቻልም። ሲጫን ይንቀሏት፤ ተንቀሳቃሽ ማስነሻ ይዘህ ሂድ። ከሚሌ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ ሲመጣ በሎቤድ (ዝቅ ባለ ጫኝ ተሳቢ) ይጫን እንጂ ጎማው መሬት እየነካ አይጎተት፤ ሞተሩ ይበላሻል።

ቻርጁንም አስብበት። ትልቁ ባትሪ 77 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። በተራ ሶኬት በ10 አምፔር ብትሰካው ከባዶ እስኪሞላ 35 ሰዓት ይፈጃል፤ በ32 አምፔር ለብቻው በተዘረጋ መስመር ግን 11 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። መሰኪያው የቻይና ነው ወይስ የአውሮፓ፣ እሱንም ወንድምህ ሳይገዛ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ።