ከ2 ዓመት ልጅ ጋር ዲዝኒ ወርልድ ይሞከራል?

ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ 5 እና 2 ዓመታቸው ነው። አሜሪካ ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ያለው ማጂክ ኪንግደም የሚባለው መዝናኛ ፓርክ ልንወስዳቸው አስበናል። ትልቋ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አጥታለች። እኔን ያሳሰበኝ ትንሹ ነው። ያን ሁሉ ሰልፍና ሙቀት እንዴት ይችለዋል? የሄዳችሁ እናቶች እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ 1፦
አይዞሽ እህቴ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የመግቢያ ትኬት አይጠየቅም፤ ለትንሹ እንዳትገዢ። እኛ የተጎዳነው በቁመት ነው። ልጄ የሰባቱ ድንክዬዎች የማዕድን ባቡር የሚባለውን መጫወቻ ሊሳፈር ጓጉቶ ነበር። ቢያንስ 97 ሳንቲሜትር ቁመት ይጠይቃል። መለኪያው ሥር በእግሩ ጣቶች ቆሞ፣ አንገቱን ሰግጎ፣ ሁለት ጣት ያህል ጎደለው። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አሁንም ይታየኛል። አንጀቴን በላው። ቤት ሳላችሁ ለኪያቸው፤ የማይፈቀድላቸውን ቀድመሽ ንገሪያቸው።

መልስ 2፦
«ራይደር ስዊች» የሚባለውን ተጠቀሙ። መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ ንገሩት። አንዳችሁ ከትልቋ ጋር ስትገቡ ሌላው ትንሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ከዚያ ረጅሙን ሰልፍ እንደ አዲስ ሳይሰለፍ ይገባል። ደግሞ የልጁ መግፊያ ጋሪ ላይ ቀይ ሻርፕ እሰሩበት። ጋሪ ውጭ ነው የሚቀረው፤ ሠራተኞቹ ቦታውን ይቀይሩታል። እኔ መቶ ጋሪ መሃል ስፈልግ ልጄ እጄ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ቀትር ላይ ወደ ማረፊያችሁ ተመለሱና አስተኟቸው፤ ማታ ትመለሳላችሁ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አሁኑኑ በሩ ላይ አቁሜ ለካኋት፤ 108 ናት። ለማዕድን ባቡሩ ትደርሳለች። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ሌላው መጫወቻ ግን 112 ነው፤ ዛሬ ማታ ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ።