የሒልተን 130,000 ነጥብ ወይስ የማሪዮት 3 ሌሊት? ለጥር ሠርግ ከአሜሪካ ለሚመጣ ወንድም

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ከነባለቤቱ ለጥር ሠርግ ከሜሪላንድ ወደ ሐዋሳ ይመጣል። አዲስ አበባ 4 ወይም 5 ሌሊት ያድሩና የቀረውን እዚህ እኛ ዘንድ ናቸው። ለሆቴሉ ብሎ ክሬዲት ካርድ ሊያወጣ አስቧል፤ ሁለት ቀርቦለታል።

አንዱ የሒልተን ነው፣ በአሜሪካን ኤክስፕረስ በኩል። በ6 ወር ውስጥ 3,000 ዶላር ከተገዛበት 130,000 ነጥብ (በሆቴሉ ክፍል ለመያዝ እንደ ገንዘብ የሚያገለግል) ይሰጣል፤ ዓመታዊ ክፍያው 150 ዶላር ነው። ሌላው የማሪዮት ነው፣ በቼዝ ባንክ በኩል። በ3 ወር ውስጥ 3,000 ዶላር ከተገዛበት 3 የነፃ ሌሊት ሰርተፊኬት ይሰጣል፣ እያንዳንዱ እስከ 50,000 ነጥብ ለሚጠይቅ ክፍል። ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር።

የትኛው ይሻለዋል? በምንስ ነው የሚሰላው? እዚህ ሃይሌ ሪዞርት ላይ ሊጠቀምበት ይችላል? በየወሩ ለእናታችን የሚልከው ገንዘብስ 3,000ውን ለመሙላት ይቆጠርለታል? እኔስ ከዚህ ሆኜ እንዲህ ያለ ካርድ ማውጣት እችላለሁ?

ሒሳብ ሹም (አዳማ)

እህቴ፣ መጀመሪያ 130,000 የሚለውን ቁጥር እርሺው። የአንዱ ሆቴል ነጥብ ከሌላው ጋር እኩል ዋጋ የለውም። በግርድፉ የሒልተን አንድ ነጥብ ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነው፣ የማሪዮት ወደ 0.7 ሳንቲም ይጠጋል፣ የሌላው የሆቴል ድርጅት የሃያት ደግሞ ከአንድ ሳንቲም ተኩል በላይ ያወጣል። ስለዚህ የሃያት 40,000 ነጥብ ከሒልተን 100,000 ሊበልጥ ይችላል። ይህ ግን አማካይ ነው። ለወንድምሽ የሚጠቅመው እሱ በሚያድርበት ሆቴልና በሚያድርበት ቀን የሚወጣው ሒሳብ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሆቴሉን ድረ ገጽ ይክፈትና ያንኑ ቀን ሁለት ጊዜ ይፈልግ፣ አንዴ በዶላር፣ አንዴ በነጥብ። የዶላሩን ዋጋ ግብርና አገልግሎት ተጨምሮበት ይውሰድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቆቹ ሆቴሎች ዋጋ የሚናገሩት «ፕላስ ፕላስ» ብለው ነው፤ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመራል፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት። 200 ዶላር ፕላስ ፕላስ የተባለ ክፍል መጀመሪያ 220፣ ከዚያ 253 ዶላር ይሆናል። በነጥብ ሲያዝ የክፍሉ ግብር በነጥቡ ውስጥ ስለሚካተት ማነጻጸር ያለበት ከ253ቱ ጋር ነው።

ያው ክፍል በነጥብ 50,000 ቢጠየቅ (ይህ ምሳሌ ነው፤ ሒልተን ቋሚ ሰንጠረዥ ስለሌለው ቁጥሩ በየቀኑ ይለዋወጣል) 253ን ለ50,000 ስታካፍይው 0.506 ሳንቲም ይወጣል። ጥሩ ነው። 0.4 ከወረደ ነጥቡን አስቀምጦ በጥሬው መክፈል ይሻላል።

አሁን ቦነሱን፣ ማለትም አዲስ ካርድ ላወጣ ሰው የሚሰጠውን ስጦታ፣ እንመዝነው። 130,000 ላይ በ3,000 ዶላሩ ግዢ የሚገኘው ይጨመራል፤ ያ ካርድ በማንኛውም ግዢ ቢያንስ 3 ነጥብ በዶላር ስለሚሰጥ 9,000 ነው። ድምሩ 139,000። በ50,000 ሒሳብ ሁለት ሌሊት ይሆናል፣ 506 ዶላር። ከዚያ 150 ዓመታዊ ክፍያውን ቀንሺ፣ 356። በተራ የ2 በመቶ ተመላሽ ካርድ ቢገዛ ኖሮ ያገኝ የነበረውን 60 ዶላርም ቀንሺ፣ 296። ማስታወቂያው «ከ600 ዶላር በላይ» የሚያስመስለው ቦነስ ለዚህ ጉዞ ወደ 300 ዶላር ነው። የተረፈው 39,000 ነጥብ ከንቱ አይደለም፤ ሌላ ጊዜ ካደረበት ብቻ ግን ነው ዋጋ የሚኖረው።

አንድ ነገር ግን ሒሳቡን ይገለብጠዋል። የሒልተን ካርድ ያለው ሰው ቢያንስ ሲልቨር አባል (ከተራው አባል አንድ ደረጃ ከፍ ያለ) ስለሚሆን 5 ተከታታይ ሌሊት በሙሉ በነጥብ ከያዘ አምስተኛው ነፃ ነው። ሌሊቱ 34,000 የሚጠየቅበት ቀን ካገኘ የ4ቱ 136,000 ነው፤ 139,000 ነጥቡ 5 ሌሊት ገዛለት ማለት ነው። 4 ሌሊት ይሁን 5 ብለው ካልወሰኑ 5 ያድርጉት። አንዱን ሌሊት በጥሬ፣ አራቱን በነጥብ ከቀላቀለ ግን ነፃው ሌሊት ይቀራል።

አሞራ ገደል

ሒሳብ ሹም ያልነካው የማሪዮት ሰርተፊኬት ነው። ሰርተፊኬት ነጥብ አይደለም፤ አይዘረዘርም። 50,000 የሚለው ጣሪያው ነው። ክፍሉ 28,000 ቢጠየቅ ቀሪው 22,000 ይቃጠላል፣ መልስ የለም። ክፍሉ 62,000 ቢሆን ደግሞ ከራሱ ሒሳብ 12,000 ጨምሮበት ሊይዝ ይችላል፤ የሚጨመረውም ገደብ አለው። አዲስ ደንበኛ ከሆነና በሒሳቡ ነጥብ ከሌለ ግን ምን ይጨምራል? ስለዚህ ሰርተፊኬት የሚያዋጣው ሌሊቱ ከ40,000 እስከ 50,000 በሚጠየቅበት ሆቴል ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በማሪዮት ሥር ያሉት ሸራተን አዲስና የማሪዮት አፓርትመንቶቹ ናቸው። ሸራተን ከ1998 በፈረንጆች ጀምሮ ያለ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ወንድምሽ የጥርን ቀኖች እዚያ ላይ ይሞክርና በነጥብ ስንት እንደሚጠየቅ ይይ። ውድ ቀን ላይ ከወደቀ 3ቱ ሰርተፊኬቶች ከሒልተኑ 130,000 ሊበልጡ ይችላሉ፤ ሲረክስ ይሸነፋሉ።

ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው 12 ወር ነው። ቡክ ማድረጉ ብቻ አይበቃም፣ የሚያድርበት ሌሊት ራሱ ከማለቂያው ቀን በፊት መሆን አለበት። አምስተኛ ሌሊት ነፃ የሚለው ነገር ማሪዮትም ጋ አለ፣ ግን ለነጥብ እንጂ ለሰርተፊኬት አይሠራም።

ሐዋላ ቤት

ለእናታችሁ ስለሚልከው ገንዘብ፦ አይቆጠርም ብሎ ይነሳ። አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይሄን ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

በክሬዲት ካርድ በሐዋላ መተግበሪያ ሲላክ ባንኩ ብዙውን ጊዜ እንደ ዕቃ ግዢ ሳይሆን ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንደወጣ ይመዘግበዋል። ያኔ ሦስት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ 5 በመቶ አካባቢ ክፍያ ይቆረጣል፤ 500 ዶላር ቢልክ 25 ዶላር ሄደ። ሁለተኛ፣ ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል፤ የግዢው የእፎይታ ጊዜ ለዚህ አይሠራም። ሦስተኛ፣ ነጥብም አይሰጥም፣ ከ3,000ውም ላይ አይደመርም። አሜሪካን ኤክስፕረስ በውሉ ላይ የሰው ለሰው ክፍያና ጥሬ ገንዘብ መሰል ነገር ለቦነስ እንደማይቆጠር ይጽፋል። የስጦታ ካርድ ገዝቶ ለመሙላት የሚሞክሩም አሉ፤ ቦነሱ የተከለከለባቸው በዚሁ ነው። ለእናት የሚላከው እንደ ወትሮው በዴቢት ይላክ።

3,000ውን በቀላሉ የሚሞላው የአውሮፕላን ትኬቱ ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለሁለት ሰው በበዓል ሰሞን ሲቆረጥ ብቻውን አብዛኛውን ይሸፍናል። ስለዚህ ካርዱ ከትኬቱ በፊት መውጣት አለበት። ትኬቱ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ካርድ ማውጣት ሰርጉ ካለፈ ጠላ መጥመቅ ነው። የመኪና ኢንሹራንስ፣ ስልክ፣ አስቤዛ ቀሪውን ይሞላሉ። ትኬቱ ከተሰረዘና ገንዘቡ ከተመለሰ ግን ያ መጠን ከ3,000ው ላይ ይቀነሳል፤ የቦነሱ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ከሆነ ቦነሱም አብሮ ይሄዳል።

ሌላ የሚስቱት ነገር፦ 3 ወሩ ወይም 6 ወሩ የሚቆጠረው ካርዱ በፖስታ ከደረሰበት ቀን ሳይሆን ከተፈቀደበት ቀን ነው። ዓመታዊ ክፍያውም ከግዢ አይቆጠርም። 2,990 ላይ አይቁም፣ 3,200 ያድርሰው።

ካርዱን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የማይከፍል ከሆነ ደግሞ ይሄን ሁሉ ይተወው። የእነዚህ ካርዶች ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። 3,000 ዶላር ዕዳ በ24 በመቶ በወር 60 ዶላር ይበላል፤ አምስት ወር ካቆየው ሒሳብ ሹም ያወጣው 296 ዶላር አለቀ።

ሚሊኒየም አደባባይ

ሃይሌ ሪዞርት የራሱ ድርጅት ነው፣ ሐዋሳውም አዳማውም። የሒልተንም የማሪዮትም ነጥብ አይቀበልም። ሌዊ ሪዞርትም እንደዚያው። ሐዋሳ ላይ ነጥብ ይዞ መምጣት ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ እዚህ በጥሬ ወይም በቪዛ ይክፈል። የማሪዮቱ ካርድ ቪዛ ስለሆነ ከአሜሪካን ኤክስፕረሱ ይልቅ ብዙ ቦታ ያስተናግደዋል። ሁለቱም ካርዶች በውጭ አገር ግዢ ላይ ተጨማሪ ክፍያ የላቸውም።

አንቺ ከዚህ ሆነሽ ካርዱን ማውጣት አትችይም፤ የአሜሪካ አድራሻ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የግብር ከፋይ ቁጥርና የክሬዲት ታሪክ ይጠይቃል። የሒልተን አባልነቱ ግን ካርድ አይፈልግም፣ በነፃ ነው። ሒልተን ነጥብን በአባላት መካከል ያለክፍያ ማዋሃድ ይፈቅዳል፤ ባልና ሚስቱ በዚህ ይጠቀሙ። ክፍሉን እሱ በነጥብ ይዞ የሚያድርበት ሌላ ሰው ከሆነ፣ የሚያድረው ሰው ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አስቀድሞ ቡኪንጉ ላይ ይግባ። ሪሴፕሽን ላይ ቆሞ ማስረዳት አድካሚ ነው።

ታቦር ሥር

እግዜር ይስጥልኝ። ሐዋላውን ስላነሳችሁልኝ በተለይ፤ እሱ በሱ ሊሞላ ነበር ሐሳቡ። እስካሁን የገባኝ አዲስ አበባ 5 ሌሊት ከሆነ ሒልተን፣ ሸራተን ላይ ውድ ቀን ከሆነ ማሪዮት። ልክ ነኝ?

ሒሳብ ሹም (አዳማ)

ልክ ነሽ። የ150 ዶላሩ የሒልተን ካርድ ጎልድ አባልነትም (ከሲልቨር በላይ ያለው ደረጃ) አለው፤ ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ሒልተኖች ጎልድ ለሁለት ሰው ቁርስ ያገኛል። ሁለት ሰው አምስት ጠዋት ቀላል አይደለም። እንግዲህ ቁርሱን የምታሰይው እነሱ ሆቴሉ ውስጥ ይበላሉ ወይስ ዘመድ ቤት ይጠራቸዋል በሚለው ነው።

መስቀል አደባባይ

እኔ ግን ሁለቱንም አልመርጥም። ለዚህ ቤተሰብ ትልቁ ወጪ አውሮፕላኑ ነው፣ ሆቴሉ ትርፍ ነገር ነው። የሆቴል ነጥብ ወደ አየር መንገድ ሲዛወር ይረክሳል፤ ማሪዮት 3 ነጥብ ለ1 ማይል (የአየር መንገድ ነጥብ) ነው፣ ሒልተን ከዚያም ይብሳል። ቼዝ 95 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ያለው ሳፋየር ፕሪፈርድ የሚባል ካርድ አለው። የሱ ነጥብ አንድ ለአንድ ወደ ዩናይትድ አየር መንገድም ወደ ሃያትም ይሄዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 በፈረንጆች ጀምሮ እንደ ዩናይትድ ሁሉ የስታር አላያንስ (የአየር መንገዶች ኅብረት) አባል ስለሆነ በዩናይትድ ማይል የኢትዮጵያን በረራ መያዝ ይቻላል፤ ወንበር እስከተገኘ ድረስ። ወንበር ካልተገኘ እዚሁ መስቀል አደባባይ ያለው ሃያት ሬጀንሲ አለ። አንድ ቦነስ፣ ሁለት መውጫ።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ቼዝ ባለፉት 24 ወራት ከየትኛውም ባንክ 5 ወይም ከዚያ በላይ ካርድ ያወጣን ሰው በአብዛኛው አይቀበልም። ሒልተኑን ቀድሞ ካወጣ አንዱን ቦታ በላ ማለት ነው። አሜሪካን ኤክስፕረስ በበኩሉ የአንድ ካርድ ቦነስ በዕድሜ ልክ አንዴ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የዛሬው 130,000 ከወትሮው ያነሰ ወይም የበለጠ መሆኑን ሳያጣራ አያውጣ። ማሪዮትን በተመለከተ፣ ከዚህ በፊት የማሪዮት ካርድ ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ወስዶ ከሆነ የቼዙን ቦነስ ሊከለከል ይችላል፤ የማመልከቻውን ጥቃቅን ጽሑፍ እስከ ታች ያንብብ።

አሞራ ገደል

ወንበር እስከተገኘ ድረስ ያልከው ነው ነገሩ። በገናና በጥምቀት መካከል፣ ለሠርግ የሚመጣው ዲያስፖራ ሁሉ በአንድ ሳምንት ሲሳፈር፣ በማይል ወንበር ማግኘት ዕድል ነው። ሆቴል በነጥብ ግን ይገኛል፣ ቀድሞ ከተያዘ። ከየካቲቱ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ጋር እንዳይገጥም ብቻ ይጠንቀቅ፣ ያን ሰሞን ክፍል ይጠፋል።

ለጊዜው አቆጣጠር፦ ነጥቡ 3,000ው በሞላ ማግስት አይገባም። የወሩ መግለጫ እስኪዘጋ ይጠብቃል፣ በውሉ ላይ እስከ 12 ሳምንት የሚሉ አሉ። ለጥር ከሆነ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ካርዱ በእጁ ቢሆን ነው። እስከዚያ ሊሰረዝ የሚችል ክፍል በጥሬ ዋጋ ይያዝና ነጥቡ ሲገባ በነጥብ ይዞ የመጀመሪያውን ይሰርዘው።

ሐዋላ ቤት

ቦነሱን ወስዶ ካርዱን ወዲያው አይዝጋ። አሜሪካን ኤክስፕረስ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ለሚዘጋ ወይም ወደ ርካሹ ካርድ ለሚወርድ ሰው ነጥቡን ሊነሳ እንደሚችል ውሉ ላይ አለ። 12 ወር ያልፍና ሁለተኛው ዓመታዊ ክፍያ መግለጫው ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ ቢዘጋ ክፍያው ይመለስለታል። ከመዝጋት ይልቅ ዓመታዊ ክፍያ ወደሌለው የሒልተን ካርድ እንዲያወርዱለት ይጠይቅ፤ ሲልቨሩና አምስተኛው ሌሊት እንዳሉ ይቀጥላሉ። ነጥቡ የሚቀመጠው ባንኩ ዘንድ ሳይሆን በሒልተን ሒሳቡ ውስጥ ስለሆነ ካርዱ ቢዘጋም አይጠፋም፣ 24 ወር ምንም እንቅስቃሴ ካላሳየ ነው የሚሰረዘው።