አባቴ ሲራመዱ ባታቸውን ያማቸዋል

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አባቴ ስኳር አለባቸው ሲጋራም ያጨሳሉ፣ አሁን ትንሽ ሲሄዱ ባታቸውን ጭምድድ አድርጎ ይይዛቸውና ቆም ሲሉ ይተዋቸዋል፣ ሰው ሁሉ ሪህ ነው ይላል እናንተስ?

መልስ፦ የሪህ አይመስልም እህቴ። የእግራቸው ደም ስር ጠቦ ሊሆን ስለሚችል የቁርጭምጭሚትና የክንዳቸውን ግፊት ይለኩላቸው፣ የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ተካፍሎ ከ0.9 በታች ከመጣ ጠቧል ማለት ነው፣ የልብና የጭንቅላቱም ስር አብሮ ሊጠብ ስለሚችል አትናቁት

መልስ፦ ሲጋራውን ዛሬውኑ ያቁሙ በናትሽ! እስኪያማቸው ሄደው፣ አርፈው፣ እንደገና መሄድ፣ በሳምንት 3 ቀን ቢያንስ ለ3 ወር። ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒትና አስፕሪን ግን ሐኪም ይዘዝላቸው

ጠያቂ፦ እግራቸውን በሙቅ ውሃ ልዘፍዝፍላቸው?

መልስ፦ በፍጹም፣ ስኳር ካለ ሙቀቱ ላይሰማቸው ይችላል ይቃጠላሉ። እግራቸው ድንገት ከቀዘቀዘና ከነጣ ደግሞ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው