«የግሬትሸን ጥያቄ» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ በጀርመንኛ ጋዜጦች ላይ አንድ ፖለቲከኛ በምርጫ ሰሞን ቁርጥ ያለ አቋሙን እንዲናገር ሲጠየቅ፣ ጸሐፊዎቹ ይህን «የግሬትሸን ጥያቄ» ይሉታል። ግሬትሸን የሴት ስም መሆኑን አውቃለሁ፤ ስሙ ከጥያቄው ጋር በምን እንደተገናኘና በአማርኛ ምን ብንለው እንደሚሻል ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ አባባሉ የመጣው ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ እ.ኤ.አ. በ1808 ካሳተመው «ፋውስት» የተባለ አሳዛኝ ተውኔት የመጀመሪያ ክፍል ነው። ግሬትሸን የማርጋሬተ የቁልምጫ ስም ነው። ፋውስት ያጠናው ትምህርት ሁሉ ያላረካው ሊቅ ሲሆን፣ ከሜፊስቶፌሌስ፣ ማለትም ከሰይጣን ጋር በደሙ ፈርሞ ይዋዋላል፤ ቀጥሎም በአንዲት ጠንቋይ መድኃኒት ወጣትነቱን ካስመለሰ በኋላ ንስሐ ገብታ ስትመለስ ያያት ድሀ ልጅ፣ ግሬትሸን፣ በፍቅሯ ትነድፈዋለች። መንገድ ላይ «ውቧ ፍሮይላይን» ብሎ አብሯት ለመሄድ ሲጠይቃት፣ ፍሮይላይንም ውብም አለመሆኗንና ብቻዋን ቤቷ መድረስ እንደምትችል ነግራው ታልፋለች። በዚያ ዘመን ፍሮይላይን የባላባት ልጅ መጠሪያ ነበር፤ የእኛም «ወይዘሮ» ለባለትዳር ሴት ሁሉ ከመዋሉ በፊት የመኳንንት ወገን ማዕረግ እንደነበረ የሚያስታውስ አንባቢ፣ በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ያለው ትሕትናና ኩራት ወዲያው ይገባዋል።

ጥያቄው የሚነሣው ፍቅራቸው ከጸና በኋላ፣ በጎረቤቷ በማርተ የአትክልት ቦታ ነው። «እስቲ ንገረኝ፣ የሃይማኖትህ ነገር እንዴት ነው? አንተ ልበ መልካም ሰው ነህ፤ ነገር ግን ለሃይማኖት ብዙም ግድ ያለህ አይመስለኝም» ትለዋለች። እርሱ ነገሩን ሊያልፈው ሲሞክር አትለቀውም፤ ቅዱሳት ምሥጢራትን ያከብር እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ ቅዳሴ ካስቀደሰና ንስሐ ከገባ ብዙ ጊዜ እንዳለፈው ታስታውሰዋለች፤ በመጨረሻም በእግዚአብሔር ያምን እንደሆነ በቀጥታ ትጠይቀዋለች። ፋውስት አምናለሁም አላምንም ሳይል፣ ሰማዩንና ምድሩን፣ ከዋክብቱንና የሁለቱን ዓይን ለዓይን መተያየት ሳይቀር እየጠራ ረጅምና እጅግ ያማረ ንግግር ያደርግና፣ «ደስታ በይው፣ ልብ በይው፣ ፍቅር በይው፣ አምላክ በይው፤ እኔ ለዚህ ስም የለኝም፤ ሁሉም ስሜት ነው፤ ስም ድምፅና ጢስ ነው» ብሎ ይደመድማል። «ስም ድምፅና ጢስ ነው» የሚለውም ጀርመኖች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት አባባል ሆኗል፤ ስም ከንቱ ነው፣ ቁም ነገሩ ሌላ ነው ለማለት ይናገሩታል።

መዝገበ ቃላት አባባሉን የሚፈታው የነገሩን ሥር የሚነካ፣ ተጠያቂውም ሊመልሰው የማይወደው ጥያቄ እያለ ነው። ትክክል ነው፤ ነገር ግን እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ነገር በዚህ ፍቺ ውስጥ የለም። ግሬትሸን በዚያ ያማረ ንግግር አልተታለለችም። ቄሱም በትንሹ ለየት ባለ ቃል እንዲሁ እንደሚል ነግራው፣ አንተ ግን ክርስትና የለህም ትለዋለች። ከዚያም ባልንጀራውን፣ ሜፊስቶፌሌስን፣ ከነፍሷ እንደምትጠላው፣ እርሱ ባለበትም መጸለይ እንደሚሳናት ትገልጽለታለች። ማን መሆኑን ሳታውቅ ምንነቱን ለይታዋለች። ይህን ሁሉ ካየች በኋላ፣ በዚያው ትዕይንት ውስጥ ፋውስት ሌሊት እንዲገናኙ ብሎ ለእናቷ መጠጥ ሦስት ጠብታ እንድትጨምር ትንሽ የእንቅልፍ መድኃኒት ጠርሙስ ሲሰጣት ትቀበለዋለች። «ለአንተ ስል የማላደርገው ምን አለ?» ትለዋለች፤ ከመሄዷ በፊትም፣ ብዙ ስላደረገችለት የሚቀራት ነገር ያለ እንደማይመስላት ትናገራለች። እናቷ ከዚያ እንቅልፍ አልነቃችም፤ ወንድሟ ቫለንቲን በፋውስት ሰይፍ ወደቀ፤ እርሷም የወለደችውን ሕፃን ውኃ ውስጥ አስጥማ ሞት ተፈረደባት።

ስለዚህ በተውኔቱ ውስጥ ጥያቄው ልክ ነበረ፣ መልሱም መሸሸጊያ መሆኑ ታውቆ ነበር፤ የተሸነፈው ዕውቀቷ ሳይሆን ፈቃዷ ነው። ሰይጣን አስቀድሞ በጌጣጌጥ ሣጥን ፈትኗት ነበር፤ ነገር ግን የጣላት ሣጥኑ አይመስለኝም፤ የምትወደውን ሰው እምቢ ማለት አለመቻሏ ነው። ሜፊስቶፌሌስም ተደብቆ ሲሰማ ቆይቶ ሊቁን «ሲያስተምሩህ ሰማሁ» ብሎ ይሳለቅበታል፤ ሴቶች ስለ ሃይማኖት የሚጠይቁት፣ ለሃይማኖት የተገዛ ለእኛም ይገዛል ብለው ነው በማለት ፍርሃቷን ወደ ስሌት ይለውጠዋል። ይህ የሰይጣን ትርጓሜ እንጂ የተውኔቱ አይደለም።

ጎተ ጉዳዩን ከአየር አላመጣውም። እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 1772 በፍራንክፈርት ሱዛና ማርጋሬታ ብራንት የተባለች የማደሪያ ቤት አገልጋይ አዲስ የተወለደ ልጇን ገድላለች ተብላ በሰይፍ ተቀጣች፤ ጎተም በዚያን ጊዜ በዚያችው ከተማ ወጣት ጠበቃ ነበረ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ስለ ማብራሪያው እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው «የቁርጥ ጥያቄ» ብለን ብንተረጉመው ያስኬዳል? «ቁርጡን ንገረኝ» የምንለው እኮ ሰው ዳር ዳር ሲል ነው።

መልስ፦ ለዜና ትርጉም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፤ «አፋጣጭ ጥያቄ» የሚሉም አሉ፣ ነገር ግን ማፋጠጥ የጠላትነት ጠረን ስላለው ከግሬትሸን አፍ የወጣውን አይመስልም። «ቁርጡን ንገረኝ» ግን እጮኛ ለእጮኛዋ የምትለው ቃል ነው። ስለ ተውኔቱ ራሱ ሲጻፍ ስሙ እንዳለ ይቀመጥና መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ይፈታ። አስቸጋሪ ጥያቄ ሁሉ ግን የግሬትሸን ጥያቄ አይደለም፤ የሒሳብ ጥያቄ ይከብዳል እንጂ ማንንም ራሱን እንዲገልጥ አያስገድድም። አንድ የፓርቲ መሪ ከማን ጋር መንግሥት እንደሚመሠርት ተጠይቆ ስለ አገር ፍቅር ረጅም ንግግር ቢያደርግ፣ ያን ጊዜ «የግሬትሸን ጥያቄ ቀረበለት፣ እርሱም እንደ ፋውስት መለሰ» ብንል አባባሉ በቦታው ውሏል።