ለቤት ቨርቹዋል ላብ ትንሹ የሚበቃው ማሽን የቱ ነው? (ኮምቦልቻ)

ቦርከና፦
ሰላም ናችሁ? ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ቃለ መጠይቅ ላይ ሁሌም «አክቲቭ ዳይረክተሪ (የድርጅት ኮምፒውተሮችንና ተጠቃሚዎችን በአንድ ዶሜን ሥር ማስተዳደሪያ) ሠርተህ ታውቃለህ?» ይሉኛል። የማውቀው በወረቀት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ቨርቹዋል ላብ፣ ማለትም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚነሱ ምናባዊ ማሽኖች፣ ሠርቼ አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር፣ ዶሜን የሚገባ አንድ ዊንዶውስ 10፣ አንድ ኡቡንቱ ሰርቨር፣ ከተቻለ ደግሞ ፒኤፍሴንስ (ፋየርዎልና ራውተር የሚሆን ሶፍትዌር) ማስኬድ እፈልጋለሁ። ያለኝ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው፤ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ደሴ ያለ አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ዚዮን ፕሮሰሰር ያለው አሮጌ ሰርቨር ልሽጥልህ እያለኝ ነው። የቱ ይሻላል?

ጦሳ ሥር፦
አብሽር፣ ላፕቶፕህ ይሆናል። ሰርቨሩን ተወው። እንዲህ ያለ ማሽን ሥራ ፈትቶ ቆሞም ከ100 ዋት በላይ ይበላል፣ ጩኸቱም ቤተሰብ ያስነሳብሃል። እኛ ጋ ደሴ ቢሆን ክረምት ላይ ቤት ያሞቅ ነበር፤ ለኮምቦልቻ ምን ያደርግልሃል?

መጀመሪያ ታስክ ማናጀር ከፍተህ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለውን እይ። «ቨርቹዋላይዜሽን» ኢኔብልድ ካላለ፣ ሲነሳ ኤፍ10 ተጭነህ ባዮስ ውስጥ ግባና ቪቲኤክስን (የፕሮሰሰሩን የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ) አብራው። ይህ ካልበራ 64 ቢት ምናባዊ ማሽን አይነሳልህም።

ኬብል ጎታች፦
እኔ ራሙ ላይ ነው የማተኩረው። ደምረው እስቲ። ዊንዶውስ ሰርቨሩ ከነዴስክቶፑ (በመስኮትና በማውስ የሚሠራበት ገጽ) ሲሆን ትንሹ 2 ጊጋ ነው፤ ሳትማረር ለመሥራት 3 ስጠው። ዊንዶውስ 10 ሌላ 3። ኡቡንቱና ፒኤፍሴንስ አንድ አንድ። 8 ሞላ። ላፕቶፑ ራሱ የሚነሳበት 3 ወይም 4 ጊጋ ገና አልቆጠርንም። ስለዚህ አራቱን ባንዴ ለማስነሳት 16 ግድ ነው። ራም እስክትገዛ ዊንዶውስ ሰርቨሩን ያለ ዴስክቶፕ፣ በ«ኮር» ጫነውና ከኡቡንቱው ጋር ብቻ አስኬደው። በትእዛዝ መሥራትንም ትለምዳለህ።

ፕሮሰሰርህ ሁለት ኮር፣ አራት ስሬድ ነው። ለመለማመጃ አያንስም፤ ማሽኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ናቸው። ለሁሉም አራት አራት ኮር አትስጥ እንጂ።

ሜሪ፦
ማንም ያላነሳው ዲስኩን ነው! ሦስት ማሽን ከአንድ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ሲያነብ ምንም ያህል ራም ቢኖርህ ዲስኩ 100% ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር፣ ፈጣን ዲስክ) ግዛ። 840 ጂ3 የኤም.2 ቦታ (ትንሽ ኤስኤስዲ የሚሰካበት) አለው፣ የድሮውን ሃርድ ዲስክ ሳታወጣ መጨመር ትችላለህ። አይኤስኦ (የመጫኛ) ፋይሎቹን አሮጌው ላይ፣ ማሽኖቹን አዲሱ ላይ አድርግ። ለአራቱ 256 ጊጋ ይበቃል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ኤስኤስዲውን አስቀድማለሁ።

ኬብል ጎታች፦
@ሜሪ እኔ ራሙን አስቀድማለሁ፣ ግን አንጣላም።

ኑ በሐይቅ፦
ላፕቶፑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ባትሪው። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ያለ ዶሜን ኮንትሮለር (አክቲቭ ዳይረክተሪ የሚሠራበት ሰርቨር) ድርግም ይልና ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል። አንተ ግን «ሴቭ ስቴት» (ማሽኑን ካለበት ሁኔታ ጋር ማስቀመጥ) ብለህ ትዘጋዋለህ። ባትሪው ከሞተ ግን ያው ነው።

ወደፊት ብር ስትይዝ ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ፈልግ። ኮር አይ5 6500ቲ ያለው አራት ኮር አለው፣ ኃይልም አይፈጅም። ፕሮክስሞክስ (ምናባዊ ማሽኖችን ብቻ ለማስኬድ የተሠራ ሲስተም) ትጭንበታለህ። ዋይፋይ ላይ ብሪጅ ማድረግ (ምናባዊ ማሽኖቹን በቀጥታ ከቤቱ ኔትወርክ ጋር ማገናኘት) ግን ጣጣ ነው፣ በኬብል አገናኘው።

ቦርከና፦
አላህ ይስጣችሁ። ቨርቹዋልቦክስ (ምናባዊ ማሽን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጭኜ አንዱን ሞከርኩ፤ ከታች ጥግ ላይ አረንጓዴ ኤሊ ይታያል፣ ሲበዛ ይንቀራፈፋል። ምንድን ነው?

ጦሳ ሥር፦
ሃይፐር-ቪ (የዊንዶውስ የራሱ ምናባዊ ማሽን ማስኬጃ) በርቶብሃል፤ ቨርቹዋልቦክስ በእሱ በኩል ሲዞር ነው የሚዘገየው። ዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ አጥፋው፣ «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የሚለውን የዊንዶውስ የደህንነት ቅንብርም አጥፋና ሪስታርት አድርግ። ወይም ዊንዶውስህ ፕሮ ከሆነ ቨርቹዋልቦክስን ትተህ በራሱ በሃይፐር-ቪ ሥራ።

ሜሪ፦
የዊንዶውስ ሰርቨሩን የሙከራ እትም ከማይክሮሶፍት በነጻ ታወርዳለህ፣ 180 ቀን ይሠራል። ራም ስትገዛ ዲዲአር4 የላፕቶፕ በላቸው፤ የዴስክቶፑ ይረዝማል፣ አይገባም። ሱቁ ውስጥ አስገብተህ 16 ማንበቡን ሳታይ ብር አትክፈል።