ትናንት ማታ ጅሬን ላይ ያየነው እሳት፦ ቪዲዮውን ምን ላድርገው?

የቡና ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ያየሁት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ቤታችን ጅማ ነው፣ ከጅሬን ወረድ ብሎ። አባዬ ከአጋሮ አምሽቶ ስለገባ የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹን የሸፈንነው በጨለማ ነበር። ሁለተኛው አልጋ ላይ ላስቲኩን እየጎተትን ሳለ ግቢው ድንገት ቀን መሰለ። መጀመሪያ ያየሁት እሳቱን ሳይሆን ጥላውን ነው። የአልጋዎቹ እግሮች ጥላ መሬቱ ላይ ዞረ። ቀና ስል በሰቃ በኩል አረንጓዴ እሳት ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ ቀላ፣ ለሁለት ተሰነጠቀና ጠፋ። አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ቆይቶ፣ አምስተኛው አልጋ ላይ ስንደርስ፣ ከባድ መኪና ድልድይ ላይ የሚያልፍ የሚመስል ጉርምርምታ ሰማን።

እማዬ «ትልቅ ሰው ሞቷል» ብላ አማተበች። የጎረቤት ልጆች ደግሞ ድንጋዩን ካልፈለግን እያሉ ነው። የበራችን ካሜራ ቀርጾታል፤ ሰዓቱ 1፡47 ይላል፣ ግን ትክክል አይመስለኝም። ለማን ልስጠው?

ሰማይ ጠባቂ
ወንድሜ፣ እንኳን አየህ! ከአጥቢያ ኮከብ በላይ የደመቀ ተወርዋሪ ኮከብ ፋየርቦል ይባላል። ጥላ የጣለ ከሆነ ያንተው በጣም ደማቅ ነው። ግን ቶሎ በል። አብዛኛው ካሜራ ሚሞሪው ሲሞላ የቆየውን ያጠፋል። ዛሬውኑ ዋናውን ፋይል አውጣ። በቴሌግራም ስትልክም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክ፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

ካሜራውን እንዳትነካው፣ እንዳታዞረው። ሰዓቱን ከስልክህ ጋር አስተያይና ልዩነቱን ጻፍ። ማታ ሰማዩ ሲጠራ በዚያው ካሜራ ኮከቦቹን ቅረጽ። የእሳቱ መንገድ በየትኛው ኮከብ በኩል እንዳለፈ የሚለካው በዚያ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የወደድኩት፦ ድምፁ የመጣው አምስተኛው አልጋ ላይ ነው አልክ አይደል? ዛሬ ከአባትህ ጋር ሰዓት ይዛችሁ እንደገና ሸፍኑ። ብርሃኑ ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ላይ የሆነው ይሄው ነው። ሰዉ ብርሃኑን አይቶ መስኮት ላይ ተሰበሰበ፤ የድምፁ ግፊት ዘግይቶ ሲደርስ መስታወቱ ረገፈበት። ወደ 1,500 ሰው ተጎዳ። የድንጋዩ መንገድ የተሰላው ደግሞ እንዳንተ ባሉ ተራ ካሜራዎች፣ በተለይ በመኪና ካሜራዎች ነው።

ሪፖርቱን ዓለም አቀፉ የሜትሮር ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው በነፃ መሙላት ይችላል። ለምሳሌ በኛ አቆጣጠር ማታ 1፡40 ማለት በዓለም አቀፉ ሰዓት 16፡40 ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ከአጋሮ
እኔም አይቼዋለሁ! መስጊድ ደርሼ ስመለስ ነው፣ በደቡብ በኩል፣ ዝቅ ብሎ። ድምፅ ግን አልሰማሁም። ካሜራ የለኝም፣ የኔ ምስክርነት ይጠቅማል?

ሰማይ ጠባቂ
እንዴት አይጠቅም! አንድ ሰው ብቻውን ከፍታውን መናገር አይችልም። ሁለት ሰው ከሁለት ከተማ አቅጣጫውን ከተናገረ ግን መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ይታወቃል። የቆምክበት ቦታ ተመለስ። እጅህን ዘርግተህ ጨብጥ፤ አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነው። እሳቱ ሲጠፋ ከአድማስ ስንት ጭብጥ በላይ ነበር?

ልጆቹን በተመለከተ፣ አብዛኛው ሰማይ ላይ ነዶ ያልቃል። የተረፈ ካለም ከጅሬን ሩቅ ነው የሚወድቀው። ላያቸው በስሱ የጠቆረ፣ ለመጠኑ የሚከብድ ድንጋይ ካገኙ መጀመሪያ ባለበት ፎቶ ያንሱት።

የቡና ልጅ
ተመልሻለሁ። አባዬ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ራሱ ላስቲኩን ያዘ። የትናንቱን ያህል ሳንቸኩል፣ ሳንዘገይ ሸፈንን። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወሰደብን። 160 ለ3 ሲካፈል ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ግቢያችን ውስጥ የወደቀ መስሎን ነበር እኮ!

ካሜራው 7 ደቂቃ ይቀድማል፤ ስለዚህ 1፡40 ነው። ፋይሉን ሁለት ቦታ ገልብጫለሁ። አሁን ደመናው ገለል እስኪል ኮከቦቹን እየጠበቅኩ ነው። የአጋሮው ወንድሜ፣ ጭብጥህን ቆጥረህ ጻፍልኝ፣ አብረን እንላከው።